ወንዴው ፓፓያ

አዳማ ውስጥ ግቢ ያለው ሰው ፓፓያ አያጣም። ሙቀቱ ይስማማዋል፤ ውሃ ካገኘ ብዙ ሳይቆይ ያፈራል። ዘር መግዛት እንኳ አያስፈልግም፤ ከተበላው ፓፓያ ውስጥ ያለውን ጥቁር ፍሬ ማጠብ፣ ማድረቅና መቅበር ነው። የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው፤ ችግኙ ወንዴ ይሁን ሴቴ ማንም አያውቅም። ቅጠሉ አንድ ነው፣ ግንዱም አንድ ነው። አበባ እስኪያወጣ ድረስ ወራት ውሃ እያጠጡ መጠበቅ ነው። ከዚያ አንድ ጠዋት ነገሩ ይለያል። ወፈር ያለ እምቡጥ ከግንዱ ተጠግቶ ከታየ ሴቴ ናት፤ ተመስገን ነው። ረጅም ቀጭን ዘንግ ተንጠልጥሎ በላዩ ብዙ ጥቃቅን አበባ ከተንዠረገገ ግን ወንዴ ነው። ያኔ ከወዲያኛው አጥር አንዲት እናት ብቅ ይላሉ፤ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ወንድ ነው። ውሃህን ነው የሚጠጣብህ፤ ቁረጠውና በቦታው ሌላ ትከል» ይላሉ።

ምክሩ ክፋት የለበትም። የከተማ ግቢ ጠባብ ነው፤ ውሃም እንደልብ አይደለም። የማያፈራ ዛፍ ዕጣው ምሳር መሆኑን ደግሞ በስብከትም በተረትም ሰምተን ነው ያደግነው። እኔ ግን ይህ ፍርድ ከአንድ የጓሮ ዛፍ ያለፈ ጥያቄ የያዘ ይመስለኛል። አንድን ነገር ፍሬ የለውም ስንል የማንን ፍሬ ቆጥረን ነው? ሌላው አፍርቶ የሚታየው ይሄኛው ስላልተቆረጠ ቢሆንስ? ጥያቄውን በቅጡ ለመጠየቅ በመጀመሪያ በዚያ ዛፍ ላይ ማታ ማታ ምን እንደሚሆን ማየት ያስፈልጋል።

የወንዴው አበባ ቱቦ ነው። ርዝመቱ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ቀጭን ነው፣ ነጣ ይላል፣ አፉ ላይ አምስት ትንንሽ የአበባ ቅጠሎች ይከፈታሉ። በቱቦው አፍ አካባቢ የዘር ብናኙን የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። ከታች፣ ከቱቦው ሥር ደግሞ ወለላ አለ፤ ነፍሳት የሚመጡት ይህን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው። ቱቦው ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ አፋቸው አጭር የሆኑ ነፍሳት ወለላው ጋ ለመድረስ ይቸገራሉ። አበባው መዓዛውን የሚለቀው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ያኔ የምትመጣው ዋናዋ እንግዳ የእሳት እራት ናት።

የእሳት እራት የሚለውን ስም እንዲያው ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ብርሃን አይታ፣ ገብታ፣ ተቃጥላ ለእሳት እራት የምትሆን ማለት ነው። ስሟ አሟሟቷን ይነግረናል እንጂ ሥራዋን አይነግረንም። እዚህ የማወራላት ደግሞ አምፖል ዙሪያ የምትርመሰመሰዋን ትንሿን አይደለም። ትልቅ ናት፤ ሰውነቷ እንደ ጣት የወፈረ፣ ክንፏን በፍጥነት እያርገበገበች አበባው ፊት አየር ላይ ቆማ የምትጠጣ ዓይነት ናት። ኩምቢዋ ከአገጯ ሥር እንደ ሰዓት ሞላ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ስትጠጣ ይዘረጋል። አግሪየስ ኮንቮልቩሊ የምትባለው ዝርያ ኩምቢ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከራሷ ሰውነት ይረዝማል ማለት ነው። ኩምቢዋን ወደ ቱቦው ስትልክ የወንዴው ብናኝ ኩምቢዋና ፊቷ ላይ ይጣበቃል። ከአበባ ወደ አበባ፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ እያለች ሴቴዋ ጋ ትደርሳለች።

ሴቴዋ ጋ ግን ምንም የለም። የሴቴዋ አበባ እንደ ወንዴው ያለ ቱቦ የላትም፤ ወለላም የላትም። ያላት መልክ ብቻ ነው። መሃሏ ላይ ያለው ብናኝ ተቀባይ ክፍል በአምስት ተከፍሎ ሲዘረጋ በድንግዝግዝ ብርሃን የወንዴውን አበባ ይመስላል። የእሳት እራቷ ወለላ ያለ መስሏት ትቀርባለች፣ ትነካለች፣ ታጣለች፣ ትሄዳለች። በነካችበት ቅጽበት ግን ብናኙ ወርዷል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ፍሬው ያድጋል፣ ይበስላል፣ ጠዋት ሎሚ ተጨምቆበት ይበላል። ኸርበርት ቤከር የተባለ የእጽዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ፓፓያና ዘመዶቹ ሲጽፍ ይህን መንገድ በስህተት የሚፈጸም ርክበ ብናኝ ብሎታል። ስህተቱ የእንግዳዋ ነው፤ ትርፉ የሴቴዋ ነው።

እንግዲህ ሁለት ዛፍ አለን። አንዱ ይሰጣል፤ ወለላውን ያወጣል፣ እንግዳዋን ያበላል፣ ፍሬ ግን የለውም። ሌላዋ አትሰጥም፤ በሰጪው መልክ ትታያለች፣ ፍሬው ግን የእሷ ነው። ከዚያ እኛ መጥተን ሰጪውን እንቆርጣለን።

ይህ የፓፓያ ብቻ ጠባይ አይደለም። ከስምጥ ሸለቆ በስተደቡብ ርቀን፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ድራከንስበርግ ተራሮች ላይ ብንወጣ የእሳት እራቷን ቦታ ዝንብ ይዛው እናገኛለን። ፕሮሶይካ ጋንግልባወሪ ትባላለች። ዝንብ ስንል የምናስባት የምግብ ቤቷን ዝንብ ከሆነ ይህችኛዋ ትገርመናለች፤ ከሰውነቷ ሊረዝም የሚችል ምላስ ከፊቷ ዘርግታ አበባ ላይ የምታንዣብብ ናት። እዚያው ተራራ ላይ ዛሉዚያንስክያ ማይክሮሲፎን የተባለች፣ ቱቦዋ ረጅምና ጠባብ የሆነ አበባ ትበቅላለች። የሁለቱ ነገር እንዲህ ነው፤ ቱቦው ጥልቅ ከሆነ ዝንቧ ወለላው ጋ ለመድረስ ፊቷን አበባው አፍ ላይ እስክትጭን ድረስ መጠጋት አለባት፤ ብናኙም ያኔ ይጣበቅባታል። ቱቦው አጭር ቢሆን ከሩቅ ቆማ ጠጥታ፣ ሳትነካካ ትሄድ ነበር። ስለዚህ የዝንቧ ምላስ በረዘመበት ተራራ የአበባዋም ቱቦ ይረዝማል፤ ባጠረበትም ያጥራል። ብሩስ አንደርሰንና ስቲቨን ጆንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ይህን ከቦታ ቦታ እየለኩ አሳይተዋል።

ታዲያ እዚያው፣ ከዚያች ባለወለላ አበባ ጎን፣ ዲሳ ኒቪያ የምትባል ነጭ ኦርኪድ አለች። ወለላ የላትም። መልኳ ግን የባለወለላዋን ይመስላል። ዝንቧ ያቺ መስላት ትመጣለች፤ ብናኟን ተሸክማላት ባዶ አፏን ትሄዳለች። ልክ እንደ ሴቴዋ ፓፓያ ማለት ነው። ልዩነቱ ኦርኪዷ የምትኖረው በሌላ ዝርያ ስም መሆኑ ነው፤ ሴቴዋ ፓፓያ ደግሞ በገዛ ዝርያዋ ስም ትኖራለች።

ዝንቧን ካጠኑት አንዱ ስቲቨን ጆንሰን ከኬንያዊው የነፍሳት ተመራማሪ ከዲኖ ማርቲንስ ጋር ሆኖ የፓፓያንም ነገር ተመልክቷል። ቦታው የኛው ስምጥ ሸለቆ ኬንያ ውስጥ ያለው ክፍል፣ ኬርዮ ሸለቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት የገበሬዎቹን ፓፓያ ርክበ ብናኝ የሚፈጽሙት ትልልቆቹ የእሳት እራቶች መሆናቸውን፣ ሥራቸውም እርሻው ከተፈጥሮ ቁጥቋጦ ባለው ርቀትና በቁጥቋጦው ደህንነት ላይ የሚመሠረት መሆኑን ጽፈዋል። ማለት የፓፓያው ምርት የሚወሰነው በፓፓያው ማሳ ውስጥ ብቻ አይደለም። ማንም ፍሬ የማይለቅምበት ዱርም አብሮ ይወስነዋል።

የዚህ ማታለል መኖር ራሱ ለብዙ ጊዜ አከራክሯል። ጀርመናዊው ክርስቲያን ኮንራድ ሽፕሬንግል እ.ኤ.አ. በ1793 ወለላ ሳይኖራቸው ያላቸው የሚመስሉ አበቦች አሉ ብሎ ጻፈ። ቻርልስ ዳርዊን ይህን መቀበል ከበደው። እ.ኤ.አ. በ1862 ስለ ኦርኪዶች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ነፍሳት ትውልድ በትውልድ እንዲህ ያለ ትልቅ ማታለል ይፈጸምባቸዋል ማለት አልተዋጠለትም። መጽሐፉ ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ቱቦ ያላትን የማዳጋስካር ኦርኪድ አይቶ፣ ይህን የሚያህል ኩምቢ ያላት የእሳት እራት መኖር አለባት ብሎ የተነበየበት ያው መጽሐፍ ነው። የእሳት እራቷ እ.ኤ.አ. በ1903፣ እሱ ከሞተ ከ21 ዓመት በኋላ፣ ተለይታ ስም ተሰጣት። በትንቢቱ ልክ ነበር። ስለ ማታለሉ ልክ የነበረው ግን ሽፕሬንግል ነው። ዛሬ ከኦርኪድ ዝርያዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ለጎብኚያቸው ምንም እንደማይሰጡ ይገመታል። ዳርዊን ለምን እንደከበደው ይገባኛል። ቱቦና ኩምቢ እንዲያ ተለካክተው ሲገኙ ያየ ሰው በመሃላቸው ያለው ነገር ሁሉ ፍትሐዊ ልውውጥ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ሴቴዋን ውሸታም ማለት እንችላለን? አንችልም። ውሸት አሳብ ይፈልጋል፤ ዛፍ ደግሞ አታስብም። ግን አሠራሩ ከሰው ውሸት ጋር አንድ ነው፤ ይህ አሠራር ስለ ውሸት የሚነግረን ነገርም አለ። ፈላስፋው ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ውስጥ አንድ ተበዳሪ ያመጣል፤ መክፈል እንደማይችል እያወቀ እከፍላለሁ ብሎ ቃል የሚገባ። ካንት የሚጠይቀው ይህ ደንብ የሁሉም ደንብ ቢሆንስ ብሎ ነው። ሁሉም እንዲህ ቢያደርግ ቃል ማንንም አያሳምንም፤ ሰው ይስቅበታል። ሐሰተኛው ተበዳሪ የሚበደረው የሚከፍሉ ሰዎች ስላሉ ነው። አበዳሪው የሚያምነው እሱን አይደለም፤ ከእሱ በፊት የከፈሉትን ነው።

እቁብ ለሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ካንት አያስፈልገውም። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ይዞ ቢሰወር የበላው የዳኛውን ገንዘብ አይደለም፤ ገና ዕጣ ያልደረሳቸውን ሰዎች እምነት ነው። እቁቡ የሚቆመው የቀሩት አሁንም ስለሚከፍሉ ነው። በሰፈሩ ያለው ፓፓያ ሁሉ ሴቴ ቢሆን እንዲሁ ነው የሚሆነው። ብናኝ አይኖርም፤ ቢኖር እንኳ የሚያመጣው አይኖርም፤ የእሳት እራቷ ባዶ አበባ እየነካች የምትኖርበት ምክንያት የላትምና። ሴቴዋ የምትኖረው ወንዴው በየማታው በሚከፍለው ብድር ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። የፓፓያው ነገር ግን ሲነጋም አይጠራም። ሲነጋ የሚታየው ፍሬው ነው። ሥራው ማታ አልቋል፣ ሠራተኛዋ ሄዳለች፣ ከፋዩ ደግሞ ባዶውን ቆሟል። ጠዋት ግቢው ውስጥ ቆሞ የሚፈርድ ሰው ዓይኑ አልደከመም፤ ያየው ሁሉ እውነት ነው። ሴቴዋ ላይ ፍሬ አለ፣ ወንዴው ላይ የለም። የሚያሳስተው እውነተኛው ማስረጃ ራሱ ነው። ይህ ነገር ከዛፍ ውጭም ብዙ ቦታ ያለ ይመስለኛል። ሌላው እንዲያፈራ የሚያደርግ ሰው የሥራው ማስረጃ የሚገኘው በሌላ ሰው ቅርንጫፍ ላይ ነው።

እስካሁን ሴቴዋን ተናገርኩ እንጂ ዋናዎቹ ተበዳሪዎች እኛ ነን። ልብ በሉ፤ ወንዴዬን ቆርጬም ፓፓያ መብላት እችላለሁ። ጎረቤቴ ግቢ ወንዴ ካለ የእኔ ሴቴ ታፈራለች፤ የእሳት እራት አጥር አታውቅም። ስለዚህ ወንዴውን መቁረጥ ለእኔ ለብቻዬ ሲሰላ ኪሳራ የለውም፤ እንዲያውም ቦታና ውሃ አተርፋለሁ። ያቺ እናት የሰጡት ምክር ለአንድ ግቢ ልክ ነው። ችግሩ ምክሩ ለየግቢው ሁሉ ልክ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ በጎረቤቱ ወንዴ ተማምኖ የራሱን ቢቆርጥ፣ ማንም ሳይሳሳት ሰፈሩ በሙሉ ወንዴ ያጣል። ያኔ ሴቴዎቹ አበባቸውን ያረግፋሉ፤ አለዚያም ትንሽ፣ ዘር የሌለው ፍሬ ይዘው ይቀራሉ። ሰው ደግሞ ምክንያቱን በአፈሩ፣ በውሃው፣ በበሽታው ሲፈልግ ይከርማል። የተቆረጠ ዛፍ ምክንያት ሆኖ አይታይም፤ የለማ።

በእኔ ሙያ ይህ በደንብ የታወቀ ነገር ነው። ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች ከምንጽፈው ኮድ ይልቅ ሌሎች ጽፈው በነፃ ያስቀመጡት፣ እኛ አንስተን የምንጠቀምበት ኮድ ይበልጣል። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ከነዚህ አንዱ ነው፤ በኢንተርኔት የሚተላለፍ የይለፍ ቃልና የባንክ መረጃ በመንገድ ላይ እንዳይነበብ የሚቆልፍ ኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኸርትብሊድ የተባለ ትልቅ ቀዳዳ ሲገኝበት ዓለም አንድ ሌላ ነገርም አብሮ ሰማ፤ እጅግ ብዙ ድርጅቶች የተደገፉበትን ይህን ኮድ የሚንከባከቡት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ፤ በዓመት የሚያገኙት መዋጮም 2000 ዶላር ገደማ ነበር። ከነዚያ ድርጅቶች አንዱም ወንዴውን አልቆረጠም። እያንዳንዱ ጎረቤቴ ያጠጣዋል ብሎ ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሳ ፍትሐዊ ተቃውሞ አለ። መቂ ወይም ባቱ ላይ ፓፓያ በመስኖ የሚያለማ ሰው ውሃውን በነዳጅ ነው የሚስበው። ወንዴና ሴቴ ተዳቅለው ከሚገኘው ዘር ደግሞ ግማሽ ያህሉ ወንዴ ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ሰው ወንዴህን ሁሉ አቆይ ብሎ መምከር ምክር አይደለም፤ በሌላ ሰው ኪስ ደግ መሆን ነው። በተለምዶ ለ10 ያህል ሴቴ አንድ ወንዴ ይበቃል ይባላል። ስለዚህ ምሳሩ ያስፈልጋል። እኔ የምለው የሚበዛውን መቁረጥና የመጨረሻውን መቁረጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው ነው። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ያው ምሳር፣ ያው ግንድ፣ ያው ምክንያት። ፍሬ በመቁጠር ብቻ ሊለዩ አይችሉም። ለመለየት አጥር ተሻግሮ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ወንዴና ሴቴ በአንድ አበባ ውስጥ ያላቸው የፓፓያ ዓይነቶች አሉ፤ በራሳቸው ብናኝ ያፈራሉ። በዓለም ገበያ ላይ ከምናየው ፓፓያ ብዙው ከእንዲህ ዓይነቱ ነው። የተሻሻለ ዘር በገበሬው እጅ በገባ ቁጥር ወንዴውም የእሳት እራቷም ለፓፓያ አያስፈልጉም ማለት ይሆናል። እዚሁ አዳማ አጠገብ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልም ፓፓያን ጨምሮ በቆላ ፍራፍሬዎች ላይ ይሠራል፤ የምርምር ዓላማው የገበሬውን ሕይወት ማቅለል ነው፤ ማንም ይህን ሊጠላ አይገባም። ታዲያ እስካሁን ያቀረብኩት ክርክር ሁሉ «ይጠቅማል» በሚል ላይ የቆመ ከነበረ ጥቅሙ ሲያልቅ ክርክሬም ያልቃል። ወንዴው አሁን እውነትም ፍሬ የለውም ማለት ነዋ!

ይህን ተቃውሞ ሳሰላስል የነገሩን መነሻ ወደ ኋላ ሄጄ ማየት ግድ ሆነብኝ። ፓፓያ የአገራችን ተክል አይደለም። የመጣው ከመካከለኛው አሜሪካ ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን በመርከብ ይዘውት ዓለምን ዞረ። የእሳት እራቷ ግን እዚህ ነበረች። ያ ረጅም ኩምቢ ለፓፓያ ተብሎ አልበቀለም። የበቀለው በግራርና በቁጥቋጦው መሃል ማታ ማታ በሚፈኩ፣ ማንም በማይበላቸው፣ ብዙዎቻችን ስማቸውን እንኳ በማናውቃቸው ጥልቅ አበቦች ላይ ነው። ፓፓያ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ የሚያስፈልገውን ምላስ ተዘጋጅቶ አገኘው። እኛም ዋጋ አልከፈልንበትም፤ ፓፓያውም አልከፈለበትም።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የአግሪየስ ኮንቮልቩሊ ልጆች፣ ማለትም ክንፍ ከማውጣታቸው በፊት ያሉት ወፋፍራም ትሎች፣ የስኳር ድንች ቅጠል ይበላሉ። ለስኳር ድንች ገበሬ ይህች ፍጡር ተባይ ናት፤ ለፓፓያ ገበሬ ባለውለታ። ሁለቱም አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጠዋት በመድኃኒት የሚረጫት፣ ማታ ሳያውቅ የሚያሠራት። ስኳር ድንችም ቢሆን ከዚያው ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። ሁለቱ ተክሎች ከመምጣታቸው በፊት የነበረ አንድ ሰው የዚህችን የእሳት እራት ጥቅምና ጉዳት ቁጠር ቢባል በሁለቱም በኩል የሚጽፈው አልነበረውም። ወዳጅም ጠላትም ያደረግናት እኛ ነን፤ በምንተክለው ነገር።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። የእሳት እራቷ ለፓፓያ ስለምትጠቅም ትኑር አልልም፤ ይህ ምክንያት ዘር ሲሻሻል ያረጃል። የምለው ጥቅም የሚባለው ሒሳብ ቀን የተጻፈበት ሒሳብ ነው ነው። የአንድ ወቅት ማስታወሻ ነው፤ ነገ ምን ተክል እንደሚመጣ፣ ምን ምላስ እንደሚፈልግ አያውቅም። «ይህ ፍሬ የለውም» የሚለው ፍርድ ሁልጊዜ ማስረጃው ተሰብስቦ ሳያልቅ ይሰጣል። ይህን የሚያውቅ ዳኛ ደግሞ ይግባኝ የሌለው ቅጣት ላይ እጁ መዘግየት አለበት።

ይግባኝ ያለውና የሌለው ቅጣት ደግሞ በእኛ አካባቢ በግልጽ ይለያያል። ወንዴ ፓፓያ ቢቆረጥ ከዘሩ ሌላ ማብቀል ይቻላል፤ በወራት ያብባል። ቁጥቋጦው ግን እንዲህ አይደለም። ከሞጆ ወደ ባቱና ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ዳር ከሰል በማዳበሪያ ተሞልቶ ሲሸጥ ያላየ መንገደኛ ያለ አይመስለኝም። የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ግራር ራሱ ለከሰል እየተቆረጠ ብዙ ተመናምኗል። የሚቆርጠው ሰው ልጁን ለማብላት ነው የሚቆርጠው፤ እኔ ከተማ ቁጭ ብዬ ልፈርድበት አልችልም። ከሰሉን የምገዛው እኔ ነኝና ፍርዱ ከመጣ ተከሳሹ ብዙ ነው። ነገር ግን በዚያ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ከሰል ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ እንችላለን። የእሳት እራቷ ማረፊያና የልጆቿ ምግብ ከዚያው ዱር ነው። ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው መቂ ላይ ፓፓያው ለምን አበባውን እንደሚያረግፍ ሲጠይቅ መልሱ ድሮ በሌላ ቦታ ተቃጥሎ አልቆ ሊሆን ይችላል።

ለዛፍና ለነፍሳት ምስጋና አለብን ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ወንዴው ወለላውን የሚሰጠው ለእኛ ብሎ አይደለም፤ የእሳት እራቷም ብናኙን መሸከሟን አታውቀውም። ሳያስቡ ለሠሩልን ውለታ እንዴት እንደሚመለስ እኔ አላውቅበትም። ነገር ግን በዚህ ሰንሰለት ውስጥ እያወቁ ሊሠሩ የሚችሉ ሰዎች አሉ። ፍሬ የማይሰጥ ዛፍ በግቢያቸው አቁመው የሚያጠጡ፤ ማሳቸው ዳር ቁጥቋጦ ትተው ያንን ቦታ በሽንኩርት ያልሸፈኑ። የእነሱ ኪሳራ ይታያል፤ ትርፉ ግን በሌላ ሰው ግቢ ነው የሚለቀመው። ዕዳ ካለብን ለእነሱ ነው።

ይህን ዕዳ እንዴት እንደምንከፍል ከውጭ የምንማረው ነገር የለም። በየሰፈራችን እድር አለ። የእድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት የሁሉም ነው፤ የሚቀመጠው ግን አንድ ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜም አንድ ሰው ግቢ ውስጥ። የዚያ ሰው ግቢ ይጠብበታል። ድንኳኑ ዓመቱን ሙሉ ተጠቅልሎ ሊውል ይችላል፤ እንዲያም ሆኖ ሥራ ፈትቷልና ይሸጥ የሚል አባል የለም፤ ለምን እንደሚጠበቅ ሁሉም ያውቃል። ወንዴው ፓፓያም እንዲሁ ሊታይ ይችላል። በየግቢው አያስፈልግም፤ ለአሥር ግቢ አንድ ይበቃል። አንዱ ቤት ያቆመዋል፣ ያጠጣዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ የራሳቸው ሲበስል ለዚያ ቤት አንድ አንድ ፍሬ በአጥር ያሻግራሉ። ያ ሰው ፓፓያ አላፈራም አይባልም ማለት ነው።

ይህን ለመጀመር ስብሰባ መጥራትም ላያስፈልግ ይችላል። ምሳሩን ከማንሳት በፊት ወደ ጎረቤት ወጣ ብሎ አንድ ነገር መጠየቅ ይበቃል፤ በሰፈሩ የቀረው ወንዴ ስንት ነው፣ ያለውስ ማን ግቢ ነው?